ከምጣዱ ጀምሩ፦ ለቤታችሁ የሚሠራ የማድ ቤት አቀማመጥ እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ቤት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ሱሉልታ፣ የትም ብትሄዱ ብሎኬት ተከምሮ አሸዋ ተራግፎ ታያላችሁ። ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፉን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያሳስበው ኪችኑ ነው። ብዙ ጊዜ ታዲያ ሥራው የሚጀመረው ከካቢኔት ነው። ስልክ ላይ የታየ ፎቶ ለካቢኔት ሠሪው ይላካል፣ ቀለም ይመረጣል፣ ቀብድ ይከፈላል። ሲያልቅ ያምራል። የመጋገሪያው ቀን ሲደርስ ግን ምጣዱ የሚቀመጥበት የለም። ወይ በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ወይ ወለሉ ላይ ይደረግና እናት ወገቧን ይዛ ትጋግራለች።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ከምጣዱ ጀምሩ። ምጣዱ ከነሥራው ቦታውን ከያዘ ውሃውም፣ ምድጃውም፣ ካቢኔቱም ተከትለው ይገባሉ። ከካቢኔቱ ከተጀመረ ግን ምጣዱን ማስገባት ይከብዳል።

1. ቤታችሁ ምን እንደሚያበስል ጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በሳምንት ስንት ጊዜ ይጋገራል? የሚጋግረው ማነው? ቁመቱስ? በርበሬ ቤት ይዘጋጃል ወይስ ተፈጭቶ ይገዛል? ቡና በቀን ስንቴ ይፈላል? ለበዓል ስንት ሰው አብሮ ይሠራል? ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለው ሽንኩርት የሚልጡ እናት ወይም አክስት አሉ? ካሉ ለአንድ በርጩማ የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ይያዝላቸው።

እዚህ ላይ ከተማችን ከፍታ ላይ መሆኗ አይረሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ሲገባ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል። ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱት አንድም ለዚህ ነው። ቁሌቱን ጨምሩበት፣ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚማሰል ታውቃላችሁ። ምድጃችሁ ለረጅም ሰዓት ድስት ተጥዶበት ይቆያል ማለት ነው። ልጆች ወደ ጓሮ የሚሮጡበት መተላለፊያ ዳር መሆን የለበትም።

2. ክፍሉን ለኩና ንደፉ

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ግዙ። ካሬው ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ብትቆጥሩት 3 ሜትር ግድግዳ 30 ካሬ ይሆናል፣ በአንድ ገጽ ይገባል። በሩን ከነአከፋፈቱ፣ መስኮቱን ከነከፍታው፣ የውሃ መስመሩንና የፍሳሽ ቱቦውን ቦታቸው ላይ አስፍሩ።

ግድግዳውን አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትመኑ። ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለኩ። የብሎኬት ግድግዳ ከልስን በኋላም ቢሆን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊዛነፍ ይችላል። ትንሹን ልኬት ያዙ። ጥግ ላይ ደግሞ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ተጠቀሙ፦ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ለኩ። ልክ 100 ከመጣ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው። 102 ወይም 98 ከመጣ ካቢኔት ሠሪው ከአሁኑ ይወቀው።

3. ምጣዱን አስቀምጡ

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ፊቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው ያለው ቆርቆሮና እጀታው ሲጨመር 70 ይደርሳል። ይህ ግን የምጣዱ ብቻ ነው። የሥራው ቦታ ከዚያ ይሰፋል።

እንጀራ የሚጋግር ሰው እጅ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ሊጡ ይቀዳል። ከዳር ወደ መሃል እየዞረ ይፈሳል። ዓይኑ ሲወጣ ይከደናል። ጠርዙ መነሳት ሲጀምር ክዳኑ ይነሳል፣ ከክዳኑ ውሃ ይንጠባጠባል፣ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ሰፌዱ ከሥር ይገባል፣ እንጀራው ይወጣና ይዘረጋል። ምጣዱ በማሰሻ ይታሻል። ከዚያ እንደገና ሊጥ። ይህ ሁሉ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ግን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይደጋገማል። ክዳኑን ለማስቀመጥ አንድ እርምጃ ዞር የሚባል ከሆነ፣ ያ እርምጃ በሠላሳ ይባዛል።

ስለዚህ ለምጣዱ ሦስት ጎረቤቶች ያዙለት። በምታፈሱበት እጅ በኩል ለሊጡ ዕቃ 40 ሴንቲ ሜትር። በሌላው በኩል እንጀራው የሚዘረጋበት 70 ሴንቲ ሜትር። ክዳኑ ደግሞ ከኋላ በኩል ግድግዳ ላይ በሚሠራ ማንጠልጠያ ወይም ሴራሚክ በለበሰ ትንሽ እርከን ላይ ይቀመጥ። በድምሩ 1 ሜትር ከ80 ግድግዳ ነው። ይህን ያህል ቀጥ ያለ ግድግዳ ከሌላችሁ ጥግ ላይ ማጠፍ ይቻላል፦ ምጣዱ በአንዱ ግድግዳ፣ ማሳረፊያው በሌላው።

የሊጡ ባልዲ ሲሞላ ከባድ ነው። ወለል ላይ ከሆነ በየእንጀራው ማጎንበስ ነው፣ ከጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ማንሳቱ ያደክማል። ጉልበት ላይ የሚደርስ ጠንካራ መቀመጫ ጥሩ ነው። ሥሩ ጎማ ቢኖረው ደግሞ ሊጡ እስኪቦካ ሌላ ቦታ ይቆይና በመጋገሪያው ቀን ተገፍቶ ይመጣል። በክረምት ብርድ ሊጥ ስለሚዘገይ መቆያው ከውጭ በር ራቅ ያለና ንፋስ የማይገባበት ጥግ ይሁን።

የምጣዱ መቀመጫ ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ አይሠራ። ሙቀትና እንፋሎት ያሳብጠዋል። ከብሎኬት ተገንብቶ ሴራሚክ ይልበስ፣ ወይም ከብረት ይበየድ። ከላዩ የግድግዳ ካቢኔት አይሰቀል። መስኮት አጠገቡ ይሁን። መስኮት ከሌለ እንፋሎቱ ኮርኒሱን ያጠቁረዋል፣ ያረግበዋልም። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ከሆነ ደግሞ በብርዳማ ጠዋት ውሃ ሆኖ እላያችሁ ይንጠባጠባል። ፍሪጁንም ከምጣዱ አርቁት። አጠገቡ ከሆነ ሙቀቱን ለመቋቋም ሳያርፍ ይሠራል፣ ቆጣሪውም አብሮ ይሮጣል።

4. ውስጥ ወይስ ውጭ?

ግቢ ያለው ሰው ይህን መወሰን ያለበት መሠረቱ ሳይወጣ ነው። እኔ የማደላው ለሁለቱም ነው፦ ቤት ውስጥ ትንሽ ኪችን፣ ከጀርባው ደግሞ ምጣድ፣ ከሰልና ጭስ የሚያርፍበት ማድ ቤት። ቁም ነገሩ ሁለቱ እንዳይራራቁ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ማድ ቤቱ ከሰርቪስ ቤቱ ጫፍ ይደረግና በክረምት ወጥ የያዘ ሰው ጭቃ እየረገጠ ግቢውን ያቋርጣል።

ሁለቱን አንድ ግድግዳ ለሁለት አጋሯቸው። የውሃና የፍሳሽ መስመሩ አንድ ይሆናል፣ ወጪውም ይቀንሳል። በመካከል ያለው በር 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መሶብ የያዘ ሰው በጎኑ ተጠማዞ ማለፍ የለበትም። መተላለፊያው ቆርቆሮ ይልበስ። ወለላቸው እኩል ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነም አንድ ደረጃ ብቻ፣ እሱም በደንብ የሚታይ።

ማድ ቤቱን ቆርጣችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ቦታው ላይ ትንሽ እሳት አጭሱና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሞክሩት። ወደ መኝታ ቤት መስኮት ወይም ወደ ጎረቤት የሚነዳ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። መብራት ሲጠፋ በእንጨት የምትጋግሩ ከሆነ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ለሚሠራው ምርጥ ምድጃ ቦታ ይኑር። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይውጣ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ይህ ምርጫ የላችሁም። ብዙ ሳይቶች ላይ ግን ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ሕንፃ አለ። የእናንተ ብሎክ አጠገብ ካለና የሚሠራ ከሆነ የትልቅ ድግሱን ሥራ ወደዚያ ውሰዱ፣ ኪችናችሁን ለዕለት ምግብ ብቻ አደራጁ። ኪችኑን ለማስፋት ተብሎ ግን ኮለን (ሕንፃውን የተሸከመው ምሰሶ) ወይም የኮንክሪት ግድግዳ አይነካ። ከላያችሁ ሰው አለ።

5. ውሃው በፈረቃ እንደሚመጣ አስባችሁ ሥሩ

ከከተማው ዳር ውሃ ሁልጊዜ የለም። ስለዚህ ሲንኩ ብቻ ሳይሆን የተቀዳው ውሃ የሚቀመጥበትም የንድፉ አካል ነው። ከሲንኩ አጠገብ ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ያህል በር የሌለው ክፍት ቦታ ተዉ። ጀሪካኖች እዚያ ይገባሉ። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፣ ከሳሎን ጥግ በቀን ስንት ጊዜ ተሸክሞ ይዘለቃል? ከሲንኩ በላይ በጎን ግድግዳ ላይ ደግሞ ባለ ቧንቧ ባልዲ የሚሸከም ጠንካራ መደርደሪያ ይሠራ። ቧንቧው ሲደርቅ ከዚያ ይታጠባል።

ሮቶ የምታስገቡ ከሆነ ሮቶው ለሲንኩ ቅርብ በሆነው በኩል ይቁም። አንድ ሺህ ሊትር የያዘ ሮቶ አንድ ቶን ነው። ማቆሚያውን ብየዳ ለሚችል ሰው አሠሩ እንጂ በረንዳ ጠርዝ ላይ አታስቀምጡት። በማድ ቤቱ ወለል ላይ የውሃ መውረጃ ይኑር፣ ወለሉም በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ወደሱ ያዘንብል።

6. አሁን ቅርጹን ምረጡ

ምጣዱና ውሃው ቦታ ከያዙ በኋላ ቅርጹ ራሱ ይመጣል። የመሥሪያ ጠረጴዛ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሰው ለሚሠራበት ቢያንስ 1 ሜትር፣ ሁለት ሰው ለሚሠራበት 1 ሜትር ከ20 መቆሚያ ይፈልጋል። ይህን ይዛችሁ ደምሩ።

ክፍሉ ስፋቱ ከ2 ሜትር በታች ከሆነ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሁሉም በአንድ ግድግዳ ይደረደራል። እዚህ ፍሪጁ ጫፍ ላይ፣ ሲንኩ መሃል፣ ምድጃው ከመስኮቱ ጋር ይሁን። በሲንኩና በምድጃው መካከል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መክተፊያ ይቅር። ምጣዱ አይገባምና ለእሱ በረንዳውን ወይም ማድ ቤቱን አዘጋጁለት።

ከ2 ሜትር ከ20 ከፍ ካለ ሁለት ትይዩ መስመር ይቻላል። ለእኛ በጣም የሚመቸው ይህ ይመስለኛል። ስፋቱ 2 ሜትር ከ40፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ውሰዱ፣ በሩ በአንዱ ጫፍ፣ መስኮቱ በሌላው። በግራ ግድግዳ ከመስኮቱ ጀምሮ ምጣዱ ከነጎረቤቶቹ 1 ሜትር ከ80 ይይዛል፣ ከሱ ቀጥሎ ወደ በሩ ጫፍ ፍሪጁ። በመካከላቸው የቀረው ቦታ ሙቀቱን ያርቃል። በቀኝ ከመስኮቱ ጀምሮ ምድጃ፣ መክተፊያ፣ ሲንክ፣ ጀሪካን። በመሃል 1 ሜትር ከ20 ይቀራል። አንዷ ስትጋግር ሌላዋ ወጥ ትሠራለች፣ አይጋጩም።

ኤል ቅርጽ በሩ ጎን ላይ ለሆነ ወይም ሳሎን ለሚጋራ ኪችን ጥሩ ነው። ጥጉ ግን ለዕለት ዕቃ አይሆንም። እዚያ የበዓል ድስትና ብረት ምጣድ አስቀምጡ። ዩ ቅርጽ ደግሞ ብዙ መደርደሪያ ይሰጣል፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ40 ከሌለው ግን ሁለት ሰው አያስገባም። ክፍሉ መሃል ላይ የሚቆመው ጠረጴዛ ፎቶ ላይ ያምራል። ዙሪያውን 1 ሜትር መተላለፊያ ካላስተረፈ አታስገቡት።

በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው አንድ መለኪያ አለ። ፍሪጅ፣ ሲንክና ምድጃ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፣ የሦስቱ ጎን ድምር ከ4 እስከ 8 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ጥሩ መለኪያ ነው፣ ተጠቀሙበት። እኛ ጋ ግን የመጋገሪያውን ቀን አይቆጥርም። ለዚያ ቀን ከሊጥ ወደ ምጣድ፣ ከምጣድ ወደ ማሳረፊያ ያለው እግር ሳይነሳ የሚደረስ መሆኑን ለየብቻ አረጋግጡ። ክፍላችን ጠባብ ነው ብላችሁም አትዘኑ። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 ለፍራንክፈርት የሠራተኛ ቤቶች የነደፈችው ታዋቂ ኪችን 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር። የሠራላት እርምጃን ቆጥራ መደርደሯ ነው።

7. ከፍታውን በራሳችሁ ሰውነት ለኩ

ካቢኔት ሠሪዎች በተለምዶ 90 ሴንቲ ሜትር ያደርጉታል። አጠር ላለች ሴት ይህ ትከሻ ያሳምማል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክርናችሁን እጠፉና ከወለሉ እስከ ክርን ለኩ። ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስትቀንሱ የመክተፊያው ከፍታ ይመጣል። ለምጣዱ ፊት ግን 25 ያህል ቀንሱ፣ ምክንያቱም ክንድ ዘርግቶ መሃሉ ድረስ ማፍሰስና ዓይኑን ከላይ ማየት ያስፈልጋል። መቀመጫው ሲገነባ የምጣዱን የራሱን ቁመት መቀነስ አትርሱ። ክርኗ 1 ሜትር የሆነች ሴት የምጣዱ ፊት 75 ላይ ይሆንላታል። ምጣዱ ራሱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢቆም መቀመጫው 55 ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

8. መብራትና ጋዝ

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ነው፣ የተራ ሶኬት ጣሪያ። በዚያ ላይ ያለ እረፍት ሰዓት ሁለት ሰዓት ይሠራል። ሶኬት የሚቀልጠውና ሽታ የሚመጣው በዚህ ነው። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ብቻውን የሚመጣ መስመር ይዘርጋ፣ ሽቦውም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ኤሌክትሪሺያናችሁ ብሬከሩን ለሽቦው የሚመጥን ያድርግና የመሬት ሽቦው መገናኘቱን ያሳያችሁ። እጅ እርጥብ ሆኖ የሚነካ ዕቃ ነው። ሶኬቱ ከምጣዱ በላይ ሳይሆን በጎን፣ እንፋሎትም የሲንክ ውሃም በማይደርስበት ይሁን። ምጣድ በማከፋፈያ ገመድ አይሰካ።

የጋዝ ሲሊንደር ከተቻለ ከግድግዳው ውጭ ይቀመጥ። ውስጥ ከሆነ በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ አይሁን። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ካመለጠ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ መውጫ ቀዳዳው ከወለሉ አጠገብ መሆን አለበት፣ ሲሊንደሩም ከወለል ውሃ መውረጃው ይራቅ። ለቡና ከሰል የምታቀጣጥሉበት ቦታ ደግሞ ውጭ ይሁን። ከሰል ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ ረከቦቱ የሚዘረጋበት ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ።

9. በጠመኔ ሞክሩት

ንድፉን ክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ በትክክለኛ ልኩ ሳሉት። የፍሪጅና የምድጃ ካርቶን ካለ አቁሙ። ከዚያ የሚያበስለው ሰው ገብቶ አንድ ሽሮ ይሥራ፣ ባዶ እጁን። ከፍሪጅ ቅቤ ያውጣ፣ ሽንኩርት ይጠብ፣ ይክተፍ፣ ይጣድ፣ ዕቃ ይጠብ። ቀጥሎ እንጀራ ይጋግር። በሩን ክፈቱ፣ የፍሪጁን በር ክፈቱ፣ አንድ ሰው ከኋላ ይለፍ። የተጋጨውን ጠመኔ አጥፍታችሁ አስተካክሉ። ይህን ማድረግ ያለበት የሚያበስለው ሰው እንጂ ከፋዩ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ ካለች እሷን ጠይቋት፣ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

10. የሥራው ቅደም ተከተል

የውሃ፣ የፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመር ከልስን በፊት ይገባል። ሳይለሰን እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ነገ መደርደሪያ ስትበሱ ቧንቧ አትመቱም። ቀጥሎ ልስን፣ ከዚያ የምጣዱ መቀመጫ፣ ከዚያ ወለልና ግድግዳ ሴራሚክ። ከምጣዱና ከምድጃው ጀርባ ሴራሚኩ እስከ 1 ሜትር ከ80 ይውጣ። ካቢኔት ሠሪው ልኬት የሚወስደው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በወሰደው ልክ ቆርጦ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ቀብዱንም ያኔ ስጡት።